ዝሆኑ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ተሰነጠቀ

ሱቄ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ዝሆኑን ነው። ከማንጎ እንጨት የተቀረጸ፣ ክንድ የሚያህል፣ ኩምቢውን ሽቅብ የሰቀለ ዝሆን። ገልበጥ ያደርጉትና ከጆሮው ሥር ተነስቶ እስከ ሆዱ የወረደውን ስንጥቅ ሲያዩ ቀስ ብለው ይመልሱታል፣ እነሱ የሰበሩት እንዳይመስለኝ። ስንጥቁ የአንድ ብር ሳንቲም ያስገባል። ሞክሬዋለሁ።

«አይዟችሁ፣ ድሮም እንደዚያው ነው» እላለሁ። ውሸቴን ነው። ታይላንድ፣ ቺያንግ ማይ ላይ ስገዛው እንደ እንቁላል ድፍን ነበር። የተሰነጠቀው እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ እዚሁ መደርደሪያ ላይ፣ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሌሊት «ጧ!» ሲል ሰምቼ ሌባ መስሎኝ ነበር።

ሰሞኑን ሱቅ ለመክፈት የሚያስቡ ልጆች «የታይላንድ የእጅ ሥራ በጅምላ እንዴት ነው የሚመጣው? ያዋጣል ወይ?» እያሉ ይደውሉልኛል። ለእያንዳንዱ ካርድ እያቃጠልኩ ከማወራ እዚህ ልጻፈውና ልገላገል። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አንዴ በጥር 2016፣ አንዴ በኅዳር 2017። በመጀመሪያው ከሰርኩ፣ በሁለተኛው አተረፍኩ። ከሁለቱ ብዙ የሚነገርለት መቼም ኪሳራው ነው።

ሱቄ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ የሚባለው ሰፈር ነው። ትንሽ ናት፣ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ ይጠብቃል። የስጦታ ዕቃ፣ የፀጉር ጌጥ፣ ቦርሳ፣ በምረቃ ሰሞን ደግሞ ፍሬምና አበባ እሸጣለሁ። ዩኒቨርሲቲው እግዜር ይስጠው፣ የተመራቂ ቤተሰብ የዓመቱን ኪራይ ይከፍልልኛል። ዕቃዬን የማመጣው ከመርካቶ ነበር፣ እኔ ጋ እስኪደርስ ስንት እጅ እንዳለፈ ሳላውቅ። አንድ ቀን ዝሆን የተጠለፈባትን የሳንቲም ቦርሳ በጅምላ 180 ብር ገዝቼ ስፈታት ውስጧ የዋጋ ወረቀት ተረስቷል። 20 ባት ይላል፣ ባት የታይላንድ ገንዘብ ነው። ያኔ የባንኩ ዶላር 56 ብር ገደማ ነው፣ አንድ ዶላር ደግሞ 35 ባት ገደማ። ብታሰሉት ቦርሳዋ 32 ብር ናት። በጥቁር ገበያው ብታሰሉትም 70 ብር አትሞላም። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።

ያሳሳተኝ ያ ወረቀት ነው። 20 ባት ማለት ቦርሳዋ ባንኮክ ላይ ቆማ ያላት ዋጋ ነው። ጠባሴ ላይ ቆማ ያላት ዋጋ ሌላ ነው። በሁለቱ መሀል ያለውን ነገር ማንም ወረቀት ላይ አይጽፍላችሁም።

እትዬ የምላቸው አክስቴ ሐሳቤን ሲሰሙ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አሉኝ። «ሽሮ ሜዳ ሞልቶ የለ? የሰው አገር ቅርጫት ምን ያደርግልሻል?» እትዬ መንዝ ተወልደው ያደጉ ናቸው፣ ወስፌ ከእጃቸው ተለይቶ አያውቅም። እሳቸው እንዲህ ሲሉ ለሙያቸው ተቆርቁረው ነው ብዬ በልቤ ሳቅሁ። ዕቁቤ ደርሶኝ ነበርና ቲኬት ቆረጥኩ።

ከቦሌ ባንኮክ አየር መንገዳችን በቀጥታ ይበርራል፣ ስለዚህ ጉዞው አያደክምም። የዶላሩን ነገር ዝም ብዬ ልለፈው። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ ቢጫ ካርዳችሁን በእጅ ያዙ። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ማሳየት ግዴታው ነው፣ የሚያሳየው ደግሞ ከፓስፖርት መስኮቱ በፊት ጤና ቁጥጥሩ ጋ ነው። እኔ ሳላውቅ 40 ደቂቃ ተሰልፌ፣ ልክ ተራዬ ሲደርስ መለሱኝ።

ሁሉም ሰው «ቻቱቻክ ሂጂ» ነው የሚለው። ባንኮክ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ የሚቆም ገበያ ነው። 27 ክፍል አለው፣ መሀሉ ላይ የሰዓት ማማ አለ፣ ከጠፋችሁ ማማውን ፈልጉ። እኔ ሦስት ጊዜ ጠፍቻለሁ። የቅዳሜ ገበያችንን ጣሪያ አልብሳችሁ፣ አሥር ጊዜ አባዝታችሁ፣ ከሥር እሳት ብታነዱበት ቻቱቻክን ይመስላል። ሙቀቱ የደጋ ሰው አይችለውም። ዓርብ ማታ ለጅምላ ገዢዎች ይከፈታል ብለውኝ ሄጄ ነበር፣ እኔ በሄድኩበት ዓርብ ግን ብዙው ሱቅ ዝግ ነው። የተሻለው ቅዳሜ በጠዋት፣ ቱሪስቱ ሳይነሳ ነው።

ዋጋው ደረጃ አለው። ለአንድ 150 ባት ያለችህ ሱሪ፣ ለስድስት 110፣ ለደርዘን 90 ትሆናለች። «ራካ ሶንግ» ማለት የጅምላ ዋጋ ማለት ነው፣ ይህቺን ቃል ብቻ ብትይዙ ሻጩ ቱሪስት አለመሆናችሁ ይገባዋል። ክርክሩ እንደ መርካቶ አይደለም። እኔ በለመድኩት፣ ግማሹን ጠርቼ፣ ፊቴን አጨማድጄ፣ ልሄድ ዞር አልኩ። ማንም አልጠራኝም። ልጅቱ ፈገግ ብላ ዕቃውን አጣጥፋ መለሰችው፣ እዚያው አለቀ። እዚያ ድምፅ ከፍ ማድረግ ነውር ነው። ካልኩሌተሩን ይሰጧችኋል፣ ቁጥር ትጽፋላችሁ፣ እሷም ሌላ ትጽፋለች፣ ሁለታችሁም እየሳቃችሁ። «ሎት ዳይ ማይ?» ትላላችሁ፣ ይቀንሳል ወይ እንደማለት። አሥር በመቶ፣ ቢበዛ ሃያ ትወርዳለች። በጠዋት የመጀመሪያ ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ እጇ ይፈታል፤ የሰጣችኋትን ብር ይዛ ዕቃዎቿን አንድ በአንድ መታ መታ ታደርጋቸዋለች፣ ለገድ። እኛስ ጠዋት «አስጀምሪኝ» እንል የለ? ደስ አለኝ።

ደስ ያለኝ ሌላው የሰዓት ነገራቸው ነው። ማታውን እንደኛ ነው የሚቆጥሩት። ከምሽቱ ሁለት ሰዓትን እነሱም ሁለት ይሉታል፣ «ሶንግ ቱም»። አንዷ ሻጭ ዕቃዬን ማታ ውሰጂ ብላ ሁለት ጣቷን ስታሳየኝ፣ አብሮኝ የቆመው የውጭ ገዢ ግራ ተጋባ፣ እኔ ግን በኛው ሰዓት ከች አልኩ። ዘመናቸው ላይ ግን አንገናኝም። እኔ በ2016 ሄጄ የተጻፈልኝ ደረሰኝ 2567 ይላል። በኅዳር 2017 ስመለስም ደረሰኙ 2567 ነው፣ የነሱ ዓመት ገና አልዞረም። ቦሌ ላይ ደረሰኙን ያየው የጉምሩክ ልጅ «ይሄ የዕቃ ቁጥር ነው?» አለኝ። «ዓመተ ምሕረት ነው ወንድሜ።» ቀና ብሎ አየኝ፣ እየቀለድኩበት መስሎት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የትንንሽ ዕቃ አገሩ ቻቱቻክ አይደለም፣ ሳምፔንግ ነው። ቻይና ታውን ውስጥ ያለች ቀጭን መንገድ ናት፣ ሁለት ሰው እጁን ቢዘረጋ ግራና ቀኙን ይነካል፤ በዚያ ላይ ጋሪና ሞተር ሳይክል በመሀላችሁ ይሾልካል፣ ካልፈጠናችሁ ይገፋችኋል። ዶቃ፣ ሪባን፣ የፀጉር ጌጥ፣ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ጨርቅ፣ ሁሉም በደርዘን ወይ በፓኮ። አንድ ፍሬ ስጡኝ ብትሉ ብዙው ሱቅ ዞሮም አያያችሁ። ችግሩ፣ እዚያ ካለው ዕቃ ብዙው የቻይና ነው። የታይላንድ ነው ብላችሁ የምትሸከሙትን ዕቃ መርካቶ ውስጥ ያው ሰውዬ ያው ዋጋ ሊሸጠው ይችላል። እኔ ሁለት ደርዘን የፀጉር ጌጥ ገዝቼ ተመለስኩና፣ አዲስ አበባ ላይ ከባንኮኩ ዋጋ በሁለት ብር የሚለይ አገኘሁት። ሁለት ብር! ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለምጃለሁ፤ ከመሄዴ በፊት መርካቶን አንድ ሙሉ ቀን እዞራለሁ፣ እዚያ ያለውን ዕቃ ሁሉ ፎቶ አነሳለሁ፣ ሳምፔንግ ላይ ፎቶው ውስጥ ያለውን አልነካም።

እውነተኛው የእጅ ሥራ ሰሜን ነው፣ ቺያንግ ማይ። ከባንኮክ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር እንደ መሄድ ቁጠሩት። በሌሊት አውቶቡስ ሄድኩ። ዋሮሮት የሚባል ገበያ አለ፣ ከጎኑ ህሞንግ የሚባሉ የተራራ ሰዎች የጥልፍ ጨርቅ የሚሸጡበት ተራ አለ፣ ጥልፉን ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ። ከከተማው ወጣ ስትሉ መንደሮቹ ይመጣሉ። ባን ታዋይ የእንጨት ቅርጽ ነው፤ መንደሩ በሙሉ ይፈልጣል፣ ይቀርጻል፣ ይቀባል። ቦ ሳንግ ጥላ ነው። የሾላ ዘመድ የሆነ ዛፍ ልጣጭ ቀቅለው፣ ቀጥቅጠው፣ ውኃ ላይ በትነው በወንፊት ያወጡና ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ ሳ የሚሉት ወረቀት ይሆናል። ወረቀቱን በቀርከሃ አጥንት ላይ ይለጥፉና አበባ ይስሉበታል። አንዲት ሴት ጽጌረዳ ስትስል ቆሜ አየሁ፣ አንዱን ቅጠል ለመሳል ብሩሿን ሁለቴ ብቻ ነው ያሳረፈችው፣ በአንዱ ጠርዝ ጥቁር አረንጓዴ በሌላው ነጭ ነክራ፣ እንዲያው ጠቅ አድርጋ ስትጠመዝዘው ቅጠሉ ከነጥላው ወጣ። ከእነዚያ ጥላዎች ደርዘን ገዛሁ። እትዬ ሲያዩዋቸው «ውይ፣ የታቦት ድባብ ትሸጫለሽ እንዴ?» ብለው ሊሳለሙ ምንም አልቀራቸውም። የገዙኝ ግን የሰርግ ዲኮር የሚሠሩ ልጆች ናቸው፣ አሥራ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ ለጥር ሰርግ።

ዝሆኑን የገዛሁት ባን ታዋይ ነው። አንዱን ሳይሆን አሥራ አምስት። ሻጩ ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ ወዴት እንደምወስደው በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ። አፍሪካ አልኳቸው። «አፍሪካ ሙቅ ነው፣ ምንም አይሆንም» አሉኝ። እኔም አመንኳቸው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ እንዳለች፣ በበጋ ሌሊት ውርጭ ሣሩን እንደሚያነጣው፣ አየሩ ከንፈር እንደሚሰነጥቅ እሳቸው በምን ያውቃሉ? እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ። ከንፈሬን ከጥቅምት እስከ ጥር ቅባት እየቀባሁ የምኖር ሴት፣ ከዚያ ሁሉ ወበቅ የወጣን እንጨት እንዲሁ መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት። ካሥራ አምስቱ ዝሆን ዘጠኙ ተሰነጠቀ። በሁለተኛው ጉዞዬ ከላኪዎች ጋር የሚሠራ ቤት ፈልጌ፣ በምድጃ የደረቀውን ብቻ፣ መርፌ ያለው የእርጥበት መለኪያ እየተከለ ከ12 በመቶ በታች መሆኑን ያሳየኝን ገዛሁ። ዋጋው ይጨምራል። እነዚያ እስካሁን አልተሰነጠቁም፣ እንጨት ልንካ።

ከሁሉ የጎዳኝ ግን ዝሆኑ አይደለም። ቅርጫቱ ነው።

ቺያንግ ማይ ላይ ከውኃ አረም የተሠራ ቅርጫት መሰል የእጅ ቦርሳ አየሁ። ወፍራም ጉንጉን፣ የማር ቀለም ያለው፣ ውስጡ የጥጥ ገበር፣ ከላይ ዚፕ። ለደርዘን ሲሆን አንዱ 120 ባት። እንደ ላባ ቀላል ነው። ሃያ አራት ገዛሁ፣ ካርቶኑን በእጄ አነሳሁት፣ ስምንት ኪሎ። በሐሳቤ የኪሎውን ዋጋ በስምንት አባዛሁና ደስ ብሎኝ ካርጎ ቤት ወሰድኩት። ልጁ ሚዛን ላይ አስቀመጠና ስምንት ኪሎ ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ ሜትር አወጣ። ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ቁመቱን ለካ። 60፣ 50፣ 40። አባዛውና ለ6,000 አካፈለው። ሃያ ኪሎ ብሎ ጻፈ።

«ስምንት ነው እኮ» አልኩት።

«ቦታ ነው የምትከፍይው» አለኝ።

አየር ካርጎ እንደዚህ ነው። በሴንቲ ሜትር ሦስቱን አባዝታችሁ ለ6,000 ታካፍላላችሁ፣ ከሚዛኑ ከበለጠ የምትከፍሉት በእሱ ነው። ፈጣን መልእክተኞቹ እንዲያውም ለ5,000 ነው የሚያካፍሉት፣ ይብሳል። ለምሳሌ ኪሎው 5 ዶላር ቢሆን፣ 40 ዶላር ያላችሁት 100 ይሆናል። በሃያ አራት ቦርሳ ስታካፍሉት ለአንዱ ከ4 ዶላር በላይ ነው። ቦርሳው ራሱ 3 ዶላር ተኩል ነው የተገዛው! ማለት ለዕቃው ከከፈልኩት ይልቅ ለማጓጓዣው የከፈልኩት ይበልጣል፣ ከማጓጓዣውም ከግማሽ በላዩ ዕቃው ውስጥ ላለው አየር ነው። የቺያንግ ማይን አየር ጠባሴ ድረስ አምጥቼ አራገፍኩት።

በዚያ ላይ ጉምሩክ አለ። ቀረጡ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የማጓጓዣውና የኢንሹራንሱ ተደምሮበት ነው። ቫት 15 በመቶ ደግሞ በዚያ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ለአየር የከፈላችሁትም ይቀረጣል ማለት ነው። ሻንጣ ውስጥ ከትቼ እንደ ግል ዕቃ አሳልፈዋለሁ የምትሉ ካላችሁ ተዉት፤ ሁለት መቶ የሳንቲም ቦርሳ የግል ነው ብሎ ማን ያምናል? ንግድ ፈቃዱን፣ ቲን ነምበሩን፣ ደረሰኙን አስተካክላችሁ ሂዱ፣ ጥሩ ትራንዚተር፣ ማለት ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያወጣላችሁ ሰው፣ ያዙ፣ እንቅልፍ ይወስዳችኋል። በመርከብ የሚያመጡ አሉ፣ ከለም ቻባንግ ወደብ በጅቡቲ አድርጎ ሞጆ ይገባል፣ ሒሳቡ በሜትር ኩብ ነው፣ ለቅርጫትና ለወንበር ከአየር የተሻለ ነው፣ ግን ገንዘባችሁ ለወራት ባሕር ላይ ይተኛል። በመሀል ብር ሲወርድስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ የተለቀቀ ዕለት ያለኝን ዕቃ ሁሉ ዋጋ በእስክሪብቶ ሰርዤ ነው ያደርኩት። ሁለተኛው ጉዞዬ ላይ የባንኩ ዶላር 120ን አልፏል።

የካርጎ ቤቱን ስም አልጠራም። በሁለት ሳምንት ይደርሳል ያሉት ካርቶን በሰባተኛው ሳምንት መጣ። ሴላዶን የሚባለው አረንጓዴ ሸክላ አለ፣ ላዩ ላይ እንደ በረዶ ስንጥቅ ያለ ጥሩ ጌጥ ያለው፤ ስድስት ስኒ ነበረኝ። አራቱ ስንጥቁ ጌጥ አይደለም፣ የምር ነው። ደውዬ ስጮህ «በደንብ ያልታሸገ ነው» አሉኝ። ያሸጉት እነሱ ናቸው።

እና ቅርጫቶቹ በዚያ ዋጋ ገብተው፣ በግድ ሸጬ፣ የቀሩት ስድስቱ ሐምሌ ላይ ሻጋታ አወጡ። የኛን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ጉሙ ሱቅ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በበጋ የሚሰነጥቅ፣ በክረምት የሚያሻግት አገር ይዘን ነው የምንነግደው። አሁን ቅርጫት ካመጣሁ ገናን አስቤ አመጣለሁ፣ እስከ ፋሲካ ካልሄደ በወጪው እሸጠዋለሁ። ደግሞ አንዱ አንዱ ውስጥ የሚገባ በሦስት መጠን ነው የምገዛው፤ ትንሹ በመካከለኛው፣ መካከለኛው በትልቁ፣ ባዶው ቦታ ካልሲም ቢሆን ይሞላል።

ያዋጣኝስ? ያቺው የሳንቲም ቦርሳ። መቶው ሁለት ኪሎ አይሞላም፣ ይታጠፋል፣ አይሰበርም፣ ክረምት በጋ አያውቅም። ለተማሪ ጓደኛ ስጦታ ከዚያ የሚሻል የለም። የህሞንግ ጥልፍ ቁራጭም እንደዚያው፤ ጨርቁን ብቻ አምጥቼ እዚህ ትራስ አሰፋበታለሁ። ባለ ሦስት ማዕዘኑ የታይላንድ ትራስ ግን አይሞከርም፣ በጥጥ መሰል ነገር ተጠቅጥቆ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ቦታም ይበላል፣ ሁለቱንም ቅጣት ያስከፍላል።

ዝሆን ያለበት ሰፊ ሱሪ አስቂኝ ነው። ሦስት ደርዘን አመጣሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ያ ስስ ሬዮን ማንን ይሞቀዋል? አንዲት ተማሪ «ከሥሩ ሌላ ሱሪ እለብሳለሁ» ብላ ገዛችኝ፣ አንዷ ብቻ። ካርቶኑን አንስቼ በጣርማ በር ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው፣ ደብረ ሲናን ስታልፉ ጃኬት ይወልቃል። ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ ባለሱቅ ጨርቁን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገና ሁሉንም ወሰደ። በሳምንቱ ደውሎ «ዝሆኗ አለች?» አለኝ። አሁን ሱሪውን ስገዛ ለራሴ ሱቅ አልገዛም፣ ለእሱ ነው የምገዛው።

ሐር ካሰባችሁ ክብሪት ያዙ። ሙድሚ የሚሉት አለ፣ ክሩን ሳይሸመን እየቋጠሩ ቀለም የሚነክሩት፣ ሲሸመን ጠርዙ እንደ ጥላ ደብዘዝ ይላል፣ የሚሠራው ኢሳን በሚሉት ሰሜን ምሥራቃቸው ነው። ጥራቱን የሚመሰክር የመንግሥታቸው የፒኮክ ምልክት ያለበት አለ፣ ወርቃማው ፒኮክ ከሁሉ ይበልጣል። ገበያ ውስጥ ግን ብዙው ፖሊስተር ነው። ከጫፉ አንድ ክር መዛችሁ አቃጥሉት። ሐር ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ጠጣር ፍሬ ይሆናል። ይህን ከኢንተርኔት የተማርኩት ትልቅ ምስጢር አድርጌ ለእትዬ ሳሳያቸው «በርኖስ ስንገዛ እንዲህ እናደርግ የለም እንዴ?» አሉኝ። ለካ የሱፍ ነገርም ያው ነው። የመንዝ ሰው ክብሪቱን ድሮ ያውቀዋል።

የቡድሃ ምስል አትግዙ። አንደኛ ያለ ጥበባት መሥሪያ ቤታቸው ፈቃድ ከአገር ማውጣት አይቻልም፣ አየር ማረፊያ ላይ ይያዛል። ሁለተኛ ማን ሊገዛችሁ ነው? እኔ በስህተት ሦስት ራስ ያለው ዝሆን አምጥቼ ነበር፣ የነሱ አፈ ታሪክ ነው፣ ለኔ ቆንጆ ዝሆን ነበር። አንድ አባት ገብተው አዩትና ምንም ሳይናገሩ አማትበው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጋዘን ነው ያለው።

አሁን የእትዬን ነገር ልንገራችሁ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለእሱም ነው።

ከሻገቱት ቅርጫቶች አንዱን ለእትዬ ሰጠኋቸው፣ ጎመን ይያዙበት ብዬ። መነጽራቸውን አድርገው ገለበጡት፣ አሸተቱት፣ በጥፍራቸው ቧጨር አደረጉት።

«ይሄ ምን ሣር ነው?»

«እምቦጭ ነው እትዬ።»

«የጣናው?»

«አዎ፣ እሱው። እዚያም ወንዙን ሁሉ ሞልቶታል። ግንዱን ቆርጠው ያደርቁትና ይጎነጉኑታል።»

ዝም አሉ። በቴሌቪዥን ያዩት፣ ሕዝቡ ጣና ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ሲነቅለው፣ ዳር አውጥቶ ሲከምረው ትዝ ብሏቸው ይሆናል። ከዚያ ጉንጉኑን በጣታቸው ተከትለው ተከትለው፣ «ይሄ እኮ ስፌት አይደለም» አሉኝ። «ሽሩባ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ትሠራዋለች።» እውነታቸውን ነው። የሳቸው ሙዳይ አክርማው ተሰንጥቆ፣ አለላው ተነክሮ፣ በወስፌ ቀዳዳ በቀዳዳ ተጠቅጥቆ የሚሰፋ፣ ውኃ የሚይዝ ነገር ነው። አንዱ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። የታይላንዱ በጥበብ አጠገቡ አይቆምም።

ግን ንግዱን ለኔ ተዉልኝ። አምና አንድ ሆቴል ለዳቦ ማቅረቢያ አሥራ ሁለት አንድ ዓይነት ሰፌድ አዘዘኝ። ለእትዬና ለሁለት ጎረቤቶቻቸው ሰጠሁ። አሥራ ሁለት ሰፌድ መጣ፣ አሥራ ሁለት ዓይነት። ስፋቱም ጌጡም፣ አንዱ ላይ መስቀል አለ፣ አንዱ ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ»። ሆቴሉ አምስት መርጦ ሰባቱን መለሰ። ቺያንግ ማይ ላይ ያዘዝኳቸው ሃያ አራት ቦርሳዎች ደግሞ ብትደራርቧቸው አንድ ጣት አይበላለጡም። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው ተቆጡ። «ሙዳይ በእጅ ነው እንጂ በሜትር ይሰፋል?» ብለው ቦርሳውን ወደ ጥግ ገፉት። እኔም አልመለስኩላቸውም፣ እሳቸውን የሚከራከር ጤና ያጣ ነው።

ከአንድ ወር በኋላ ለጥምቀት ስሄድ ቦርሳው ተፈትቶ አገኘሁት። ገበሩ ለብቻ፣ ዚፑ ለብቻ፣ ጉንጉኑ ለብቻ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከጎኑ ክር አለ፣ አራት ቦታ የተቋጠረ። አፉ እዚህ፣ ወገቡ እዚህ፣ ታቹ እዚህ። መደቡ ላይ ሦስት የተጀመሩ ሙዳዮች ተደርድረዋል፣ ቁጭ ብዬ በክሩ ለካኋቸው። እኩል ናቸው።

እትዬ ቡናውን እየቆሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ዚፑን ከየት ነው የሚያመጡት?» አሉኝ።

ለመጪው ጉዞ የሳምፔንግ ዝርዝሬ ተጽፎ አልቋል። የሳንቲም ቦርሳ ሦስት መቶ። ለሸዋ ሮቢቱ ሱሪ አምስት ደርዘን። ዚፕ፣ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ቡናማና ጥቁር፣ ሁለት መቶ። የጥጥ ገበር ሃያ ሜትር። ዚፑና ገበሩ ተደምረው ሻንጣዬ ጥግ ይገባሉ፣ ሜትር የያዘው ልጅም አያገኛቸውም።